ሰም ወይስ ወይራ? ስለ ተፈጥሮ ግጥም

በአማርኛ ከታተሙት የግጥም መድበሎች መካከል ዛፍ፣ ወፍና አበባ የሌሉበትን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዛፉ ምን ዛፍ እንደ ሆነ፣ ወፉ ምን ወፍ እንደ ሆነ፣ አበባውም በየትኛው ወር እንደሚፈነዳ የሚናገረውን ማግኘት ግን የበለጠ ያስቸግራል። ተፈጥሮ በሥነ ግጥሙ ውስጥ በስም አለች፤ በአካል ግን ብዙ ጊዜ የለችም። ገጣሚው በብዕሩ ወደ ዱር ይሄዳል፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር አይነሣም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ርቀት ነው፤ ይኸውም ከቤት ወጥቶ፣ ተራምዶ፣ ዐይቶና ሰምቶ በተጻፈ ግጥምና በሰሚ ሰሚ በተጻፈ ግጥም መካከል ያለውን ልዩነት፣ የልዩነቱንም ምክንያት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ከየትኛውም መድበል ያልተወሰዱ፣ ነገር ግን በየመድረኩ ከሚሰሙት እምብዛም የማይለዩ ሁለት ስንኞች እዚህ ላይ ተሰናኝተው ቀርበዋል፦

ወፎች ሲዘምሩ በአበቦቹ መሐል፣
ጨረቃ ስትወጣ ልቤ ደስ ይለዋል።

ስንኞቹ ቤት ይመታሉ፤ ምጣኔያቸውም የወል ቤት ነው፣ ስድስት በስድስት ሆኖ አይናጋም። ሰዋስውም አልጎደላቸውም። ጉድለቱ የሚታየው ከደጅ ወጥቶ ለቆመ ሰው ነው። ወፎች አብዝተው የሚዘምሩት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አብዛኛው ወፍ ወደ ማደሪያው በሚከትበት ሰዓት ነው። ሁለቱን ባንድ ስንኝ ያገናኛቸው የልማድ ቃል ነው። ገጣሚው ጨረቃዋንም አላየ፣ ወፎቹንም አልሰማ፤ «ልቤ ደስ ይለዋል» ሲል ታዲያ አንባቢው በምን ይመነው?

የተውሶ አበባና የተውሶ ወቅት

የዚህ ልማድ ምንጮች በዋነኛነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ተውሶ ነው። በትምህርት ቤት በኩል ከአውሮፓ ሥነ ግጥም ጋር አብሮ የገባው የአበባ ወራት ሐሳብ በአማርኛ «ፀደይ» የሚል ስም ስለ ወጣለት፣ ብዙ ገጣሚ ፀደይን የአበባ ወቅት አድርጎ ይጽፋል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ በልግን የሚጠብቅበት፣ ማሳውንም ለክረምቱ የሚያለሰልስበት ወራት ነው። የደጋው አበባ ጊዜ ሌላ ነው። አደይ አበባ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመስከረም ትፈነዳለች፤ ሌሎቹም የመስክ አበቦች ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው መፀው ሜዳውን ይለብሱታል። የቃሉ መዛወር ትንሽ ስሕተት ይመስላል። ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። አንባቢው ከደጁ የሚያየውና ከመጽሐፉ የሚያነበው ሳይገናኝ ሲቀር፣ ግጥም ስለ ሌላ አገር የሚናገር ነገር ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ ከግጥም ውስጥ ራሱን አይፈልግም።

የጽጌረዳም ነገር እንዲሁ ነው። በፍቅር ግጥም ውስጥ የሴት ጉንጭ ሁሉ ጽጌረዳ ነው። የጽጌረዳ ወገን የሆነችውና በኢትዮጵያ ደጋ በየአጥሩ፣ በየወንዙ አፋፍ በራሷ የምትበቅለው ቀጋ ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። የሳይንስ መጠሪያዋ «ሮዛ አቢሲኒካ» ነው፤ የአገሪቱን ስም የተሸከመች አበባ ናት። አበባዋ ነጭ ነው፤ ግንዷ እሾኻም ነው፤ ፍሬዋ ሲበስል ይቀላል፣ እረኞችም ለቅመው ይበሉታል። ከቀጋ ፊት ቆሞ የሚጽፍ ገጣሚ ቀይ ጉንጭ አያገኝባትም። ነጭ አበባ፣ እጅጌ የሚይዝ እሾህና የሚበላ ፍሬ ግን ያገኛል፤ ይህም ለፍቅር ግጥም ከቀይ ጉንጭ የበለጠ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መፈክር ነው። ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የአብዮት ዘመን ንጋት፣ ጮራና ቀይ አበባ የፖለቲካ ቃላት ሆነው ነበር። ፀሐይ የምትወጣው ለሰፊው ሕዝብ ስለ ነበር ከየትኛው ተራራ ጀርባ፣ በምን ዓይነት ደመና መካከል እንደምትወጣ የሚጠይቅ አልተገኘም። ዘመኑ ካለፈ በኋላም ልማዱ አላለፈም። ንጋቱ የሌላ ተስፋ፣ ጨለማው የሌላ ጠላት ምልክት እየሆነ ቀጠለ። ተስፋውና ጠላቱ በየዘመኑ ሲለዋወጡ፣ ማንም ያላየው ያው ንጋት ግን ሁሉንም እያገለገለ ኖረ።

ከቤት መውጣት ነባር ሥርዓት ነው

እንዲህ ሲባል፣ ዱር ወጥቶ መጻፍ የፈረንጅ ፋሽን ነው፤ የኢትዮጵያ ባለቅኔ ጥበቡን ያገኘው ከመጽሐፍና ከመምህር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የአገሪቱ የጥበብ ታሪክ ግን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም እንደ ነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ፣ በትውፊቱ መሠረት ትምህርት ከብዶት በሸሸ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ እየሞከረ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲሳካለት ዐይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዜማውንም ከሦስት ወፎች እንደ ሰማ ይተረካል። ትውፊቱ ሃይማኖታዊ ነው፤ ሆኖም ትውልዶች ስለ ጥበብ አጀማመር ሲያስቡ ያዩትን ሥዕል ይነግራል። በሥዕሉ ውስጥ ያሉት ዛፍ፣ ትልና ወፍ ናቸው።

ለያሬድ የሚሰጠው ድጓም ከወቅት ጋር የሚሄድ መጽሐፍ ነው። ክረምቱ አንድ ወጥ ዝናብ ሆኖ አልተተወም። ዘርዕና ደመና፣ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ፣ ዕጓለ ቋዓትና ደሰያት፣ ጎሕና ጽባሕ እየተባለ ለየክፍሉ ስም ወጥቶለታል። ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። የቁራ ጫጩቶች ነገር ከቅዱሳት መጻሕፍት የመጣ ቢሆንም፣ ከዝናቡ ወራት መካከል የራሱን ቦታ ለይቶ የሰጠው ግን የወቅትን አካሄድ የሚከታተል ሥርዓት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናትም ዘመነ ጽጌ ተብለው በአበባ ስም ይጠራሉ። እንዲህ ያለ አቆጣጠር የወረሰ ሥነ ግጥም «ክረምት» ብሎ አንድ ቃል ጽፎ ማለፉ ድህነት ነው።

ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የሚገኘው ከቅኔ ቤት ነው። በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ሲል ጎጆው ውስጥ አይቀመጥም። ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል፤ ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ይቀመጣል። ቃሉን በልቡ እየመዘነ፣ ቤቱን እየቆጠረ ይቆይና ሲመለስ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርምለታል። መጀመሪያ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያደገም ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚማርበት አዳራሽ ዛፍ ሥር ነው።

ሥርዓቱን ጸጥታ ፍለጋ ብቻ አድርጎ መተርጐም ይቻል ይሆናል። እውነት ነው፣ ጸጥታ ያስፈልጋል። ነገር ግን በየቀኑ ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ ወጣት ምስጢር ሲያጥረው ዐይኑ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ነገር ላይ ነው። ጉንዳኑ ከራሱ የሚበልጥ ቅንጣት ተሸክሞ ሲያልፍ፣ ጎርፉ ግንድ ይዞ ሲወርድ፣ ሐረጉ ደገፍ ያለበትን ዛፍ ሲያንቅ ያያል። መጽሐፍ ያስተማረውን ታሪክ ከእነዚህ ጋር ያጋጥማል፤ ቅኔም የሚወለደው ከዚህ መጋጠም ነው። እንግዲህ ከቤት ወጥቶ መግጠም ለኢትዮጵያ ባለቅኔ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ከቤት ሳይወጡ ስለ ደጅ መግጠም ነው።

ሰሙና ወይራው

ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ባለቅኔው ወጥቶ ያየው ነገር በቅኔው ውስጥ ዕጣው ምንድን ነው? ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ ከሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ለወርቁ ሲል የሚጠፋ ነገር ነው። በዚህ ጥበብ ለብዙ ዘመን የሠለጠነ የሥነ ግጥም ልማድ ተፈጥሮን ሁሉ ሰም አድርጎ ማየት ቢቀናው አያስደንቅም። አንበሳ ሲባል ጀግናው፣ ጎርፍ ሲባል ጠላቱ፣ አበባ ሲባል ወዳጅቱ ትታሰባለች። አንባቢውም ወርቁን ይፈልጋል፤ ወርቁን ካገኘ በኋላ አንበሳውንና ጎርፉን ይረሳል።

ይሁንና ጥፋቱን በሰምና ወርቅ ላይ መጣል ሙያውን አለማወቅ ነው። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ነው። በሰሙ ላይ ያለች ጭረት በወርቁ ላይ ትወጣለች፤ በሰሙ ላይ ያልተቀረጸ መስመር በወርቁ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ጥሩ ሰምና ወርቅ ራሱ ጥሩ ዓይን ይጠይቃል። ጠባዩ ያልታወቀ ወንዝ የሚሸከመው ምስጢር ድፍን ይሆናል። ለምሳሌ ኮሶ በንግግር ሁሉ የምሬት ምልክት ነው፤ ዛፉ ሲያብብ ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለውን ቀላ ያለ ዘለላ ያየ ገጣሚ ግን ምሬቱ ከምን ዓይነት ውበት ጋር ባንድ ግንድ ላይ እንደሚኖር ያውቃል። በሰሜን ተራሮች ከፍታ የሚበቅለው ጅብራ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ይኖርና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። ይህን የሚያውቅ ገጣሚ ስለ ትዕግሥት ወይም በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ ብቻ ስለ ጻፈ ደራሲ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ውብ አበባ» ብሎ ያለፈው ግን ከእጁ የነበረውን ወርቅ ጥሎ አልፏል።

የቅኔ ሊቃውንት ከሰምና ወርቅ ሌላ ብዙ የቅኔ መንገድ ያውቃሉ። ከእነዚህም አንዱ ውስጠ ወይራ ይባላል። ስሙ ከዛፍ መወሰዱ ለዚህ ጉዳይ የተስማማ ነው። በሰምና ወርቅ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን በቃል ይሰደራሉ። በውስጠ ወይራ ግን ላይ ላዩን የሚሰማው ነገር ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ምስጢሩ በውስጡ ተሰውሮ ይኖራል። የወይራ ቅርፊት ሻካራ ነው፤ ሲፈልጡት ውስጡ ሌላ መልክ አለው፣ ሲያጤሱት ደግሞ የወተቱን ዕቃ የሚያውድ ሽታ ይሰጣል። ሰም ሲቀልጥ ይጠፋል፤ ወይራ ሲፈለጥም ወይራ ነው።

የተፈጥሮ ግጥም ወደዚህ መንገድ ቢያደላ ይበጀዋል። ቀደም ብለው የቀረቡትን ሁለት ስንኞች ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው የወል ቤት ምጣኔ ሌሎች ሁለት ስንኞች እንዲህ ሊሰናኙ ይችላሉ፦

ቀጋዋን ሊለቅም እጁን ቢዘረጋ፣
ከፍሬዋ በፊት እሾኋ አለው ጠጋ።

ስንኞቹ ታላቅ ግጥም ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የወደደ እዚህ ውስጥ ሴትን ያነባል፤ የወደደ ሹመትን ያነባል፤ ምንም ምስጢር ያልፈለገ ደግሞ እጁ የደማ እረኛ ያገኛል። ቀጋዋ በሦስቱም ንባብ ቀጋ ሆና ትቀራለች። «ወፎች ሲዘምሩ» ከሚሉት ስንኞች «ልቤ ደስ ይለዋል» የሚለው ቢነሣ ግን የሚቀር ነገር የለም።

ሦስት የውጭ ምስክሮች

ከቤት ወጥቶ የመጻፍን ነገር ሌሎች ሕዝቦችም በየራሳቸው መንገድ ፈትነውታል። ሦስት ምስክሮች ብቻ ቢጠሩ ይበቃል፤ ሦስቱም የሚመሰክሩት የተለያየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጃፓናዊው ማትሱኦ ባሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 ከኤዶ፣ ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተነሥቶ ወደ አገሩ ሰሜናዊ ክፍል አብዛኛውን መንገድ በእግሩ ተጓዘ፤ ጉዞው ወራት የፈጀና 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል የረዘመ ነበር። በመንገዱ ላይ የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ ሃይኩ የሚባሉት፣ 17 ድምፅ ብቻ ያላቸው ናቸው። በዚህ የግጥም ዓይነት ልማድ እያንዳንዱ ግጥም ወቅቱን የሚያሳውቅ ቃል ይይዛል፤ ቃላቱም በየወቅታቸው ተሰብስበው በመዝገብ ተጽፈዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው የመጋቢትን አበባ በመስከረም አያስቀምጥም። ይሁን እንጂ ባሾ የጉዞ መጽሐፉን የጨረሰው ወዲያው አይደለም፤ እስከ ዕረፍቱ ዓመት፣ እስከ 1694 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲያርመው ቆይቷል። እግሩ ለወራት የሄደውን ብዕሩ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው ዊልያም ዎርድስዎርዝ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1802 ከእኅቱ ከዶሮቲ ጋር በአልዝወተር ሐይቅ ዳር ሲሄድ፣ በነፋስ የሚወዛወዙ ብዙ ቢጫ የዳፎዲል አበቦች አየ። ዶሮቲ በዕለት ማስታወሻዋ አበቦቹ ከየት ጀምረው እስከ የት እንደ ተዘረጉ፣ በድንጋዮቹ መካከል እንዴት እንደ ቆሙ በዝርዝር መዘገበች። ወንድምየው ግጥሙን የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1804 ሲሆን፣ የታተመው በ1807 ነው። በግጥሙ ውስጥ እኅቲቱ የለችም፤ ተራማጁ ብቻውን ነው። ዎርድስዎርዝ ግጥም ከስሜት የሚፈልቅ ሆኖ፣ ስሜቱ ግን በጸጥታ ተመልሶ ሲታሰብ የሚሠራ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ምስክርነቱ ከዶሮቲ ማስታወሻ ጋር ሲነበብ ይበልጥ ያስተምራል፤ ትውስታ መቀነስና መጨመር ይችላል፣ ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ቆሞ አበቦቹን ማየት ነበረበት።

ሦስተኛው ምስክር ጆን ክሌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 በሄልፕስተን መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወልዶ በእርሻ ቀን ሠራተኛነት ያደገ ገጣሚ ነው። በ1809 በወጣ የፓርላማ ሕግ የመንደሩ የጋራ መሬትና ግጦሽ ተከልሎ ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ዛፎች ተቈረጡ፣ መተላለፊያዎቹም ተዘጉ። የመጀመሪያ መድበሉ በ1820 ወጣ። ክሌር ወፎቹንና ዕፅዋቱን የሚጠራቸው በመንደሩ ስማቸው ነበር፤ አሳታሚው ግን ለከተማ አንባቢ እንዲመች የአነጋገሩን ዘዬ እያረመ፣ በ1827 የወጣውንም መጽሐፉን ብዙ ክፍል እየቈረጠ አወጣው። መሬቱ ከተከለለ በኋላ ቃላቱም ተከለሉ ማለት ይቻላል። በ1841 ከነበረበት የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ አምልጦ ወደ አገሩ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ፤ በ1864 እስኪሞት ድረስም በሌላ መጠበቂያ ኖረ። ክሌር የሚመሰክረው ከሁለቱ የከበደ ነገር ነው፤ የተፈጥሮ ግጥም የሽርሽር ፍሬ ብቻ እንዳልሆነ፣ መሬትና ስም ባንድነት እንደሚጠፉ ነው።

የስም ጥሪ

ወደ አማርኛ ሥነ ግጥም ሲመለሱ፣ ስም የመጥራት ኀይል ጭራሽ ያልታወቀ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ አዋሽን በስሙ ጠርቶ ግጥም ሰጥቶታል። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጂቡቲ ድንበር ባለው አቤ ሐይቅ ይቀራል። አምቦ አቅራቢያ ለተወለደው ጸጋዬ ወንዙ የሚነሣበት ደጋ ሩቅ አገር አልነበረም። «ወንዝ» ያለ ገጣሚ ወደ ባሕር የሚሄድ ውሃ ማለቱ ነው፤ የዓለም ወንዝ ሁሉ በግጥም ውስጥ ባሕር ይገባልና። «አዋሽ» ያለ ግን ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ ባሕር ያላየ ውሃ ጠርቷል። አንድ ስም ብቻውን እንዲህ ያለ ዕጣ ይዞ ይመጣል።

ሠዓሊም ገጣሚም የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር አለ። ሠዓሊ ዛፍ አረንጓዴ ነው ብሎ አያልፍም፤ ቀለሙ ከብርሃኑና ከሰዓቱ ጋር እንደሚለዋወጥ እጁ ያውቀዋል። የገጣሚም ዓይን ይህን ሙያ ከሠዓሊ ቢማር አይጎዳም። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጠረውም። ጎሕ፣ ወጋገን፣ ረፋድ፣ ተሲያት እያለ ቀኑን ይከፋፍላል፤ ካፊያ፣ ዶፍ፣ በረዶ እያለ ከሰማይ የሚወርደውን ይለያል። ገበሬው መረሬውን ከቀዩ አፈር ለይቶ የሚዘራው ግጥም ለመጻፍ ሳይሆን ለመኖር ነው፤ የእርሻና የእረኝነት ዘፈኖች በዝርዝር የበለጸጉትም ከዚህ የተነሣ ነው። በጽሑፍ ያለው ግጥም ከእነዚህ ዘፈኖች ዜማቸውን ብቻ ወስዶ ዕውቀታቸውን መተው አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሣል። በከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ለአውቶቡስ እንጂ ለጉዞ ገንዘብ የሌለው ወጣት ገጣሚ ወደ ሰሜን ተራሮች እንዴት ይሂድ? መልሱ፣ ተፈጥሮ የምትጀምረው ከብሔራዊ ፓርክ በር አይደለም የሚል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ሽታውን የሚያውቀው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የከተማዪቱ ማገዶና ማገር ሆኗል። የመጤነቱ ታሪክ በስሙ ላይ ተጽፏል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነውና። ከልዩ ልዩ አገር ተሰባስቦ ከተማ ስለ ሆነ ሕዝብ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ዛፍ ከየት ይገኛል? የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ፣ ጭልፊት በገበያው ሰማይ ላይ፣ ሣር በኰብልስቶኑ ስንጥቅ ውስጥ ለማንም ክፍት ናቸው። የሚጠየቀው ክፍያ ቆሞ ማየት ብቻ ነው።

በሌላው ጠርዝ ያለውንም አደጋ መዘንጋት አይገባም። ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር እያሉ ስም መደርደር ግጥም አያሰኝም፤ የዕፅዋት መዝገብ ይሆናል። ከመስክ የተመለሰ ማስታወሻ ጥሬ ዕቃ ነው። ባሾን አምስት፣ ዎርድስዎርዝን ሁለት ዓመት ያስጠበቃቸው ማብሰያው ነው። የቅኔ ተማሪውም ከጫካ የቈጠረውን ለመምህሩ ሳይነግርና ሳይታረም ቅኔ አያሰኘውም።

የሂስ ድርሻ

እንግዲህ ሃያሲው፣ አርታዒውና የግጥም ውድድር ዳኛው ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ ግጥም ሲደርሳቸው ከቤት አመታቱና ከምጣኔው አልፈው ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል። የትኛው? ይኸውም ዛፉ፣ ወፉ፣ ወንዙ ራሱን ችሎ የሚታወቅ ነው ወይስ የማንም? መቼ? ይኸውም ግጥሙ ወሩንና ሰዓቱን ያውቃል ወይስ ወፍና ጨረቃን ያለ ሰዓታቸው ያገናኛል? ሦስተኛውና ዋናው፣ ወርቁ ሲወሰድ ምን ይቀራል? የሚቀረው ባዶ ጭቃ ከሆነ ገጣሚው ወደ ደጅ ይመለስ፤ የሚቀረው ወይራ ከሆነ ግጥሙ ይታተም።

ጥያቄዎቹ የውበት ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት ደኖች፣ ከእርሻና ከግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት ተነጥለው የሚታዩ የነባር ዛፎች መጠጊያ ናቸው። የቅኔ ተማሪው ለዘመናት ቅኔውን የቈጠረው ከእነዚህ ጥላ ሥር ነው። ደኑ ሲሳሳ ዛፉ ይጠፋል፤ ዛፉ ሲጠፋ ስሙ ከልጆች አፍ ይጠፋል፤ ስሙ ሲጠፋ ደግሞ ዛፉ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም። ግጥም ችግኝ አይተክልም፤ ስምን ከነጠባዩ ጠብቆ ማቆየት ግን ይችላል። ዝግባን ዐይቶ የማያውቅ ልጅ ከአንድ ጥሩ ግጥም ውስጥ ዝግባን ከነቁመቱና ከነጥላው ቢያገኘው፣ አንድ ቀን የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ተነሥቶም ሊፈልገው ይሄዳል። «ዛፍ» ብቻ የሚል ግጥም ግን ማንንም ከቤት አያስወጣም።